ትንሽ አሞታል

«ቴሌግራሙ ላይ ምን ብለው ጻፉ፣ ጋሼ?» አለች ካሳነሽ፣ ከፍራሹ ሳትነሣ።

አቶ ተክለማርያም የንፍሮውን ሰሃን አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው አሳለፉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምን እጽፋለሁ ብለሽ ነው? እንደ ወጉ ነዋ! ‹አባትሽን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ነይ።›»

ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ለቀስተኞች ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደግ አደረጉ ማለታቸው ነው። ትንሽ አሞታል የተባለው ጉልላት፣ የካሳነሽ ባልና የአቶ ተክለማርያም ታናሽ ወንድም፣ ማክሰኞ ሞቶ ረቡዕ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ተቀብሯል። ጎንደር የምትማረው ልጁ ዓለም ግን ይሄኔ አውቶቡስ ውስጥ ሆና ለበሽተኛ ምን ይዤ ልግባ እያለች ታስብ ይሆናል።

«ነገ ከሰዓት ትደርሳለች» አሉ አቶ ተክለማርያም። «እንደ ወረደች አስኮ አክስቷ ቤት እንወስዳታለን። ጠንከር ብሎበት ሐኪም ቤት ተኝቷል እንላታለን። እህል ትቅመስ፣ ትረፍ። ጎህ ሲቀድ እኔና ሽማግሌዎቹ ሄደን እናረዳታለን።»

«እንደ መጣች እኔው ብነግራትስ?»

«ካሳነሽ!» አሉ፣ መቆጣትና ማባበል በተቀላቀለበት ድምፅ። «መንገድ ባደከመው ልጅ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወረወራል?»

ኮልፌ ውስጥ መርዶ ነጋሪ ሲፈለግ የእሳቸውን በር ያላንኳኳ የለም። ስልታቸው የታወቀ ነው። መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል»፤ ቀጥሎ «ጠንከር ብሎበታል»፤ ከዚያ ሰማዩ ሳይገለጥ ሽማግሌ አስከትለው ደጅ ላይ መቆም። የቤቱ ሰው በሩን ሲከፍት ሁሉንም ያውቀዋል። ይህን ስልት የያዙት በክፋት አልነበረም። ልጅ ሳሉ እናታቸው የባላቸውን ሞት የሰሙት ውሃ ቀድተው ሲመለሱ ከአንድ አፈ ልቅ መንገደኛ ነው። እንስራውም እሳቸውም አብረው ወደቁ፤ እንስራው ተሰበረ፣ እሳቸው ተነሡ፤ ግን አእምሯቸው እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጉልላት ያን ጊዜ ጡት የሚጠባ ነበር፤ ተክለማርያም ግን አይተዋል። ካሳነሽ ይህን ስለምታውቅ ልትጠላቸው አልቻለችም።

ከድንኳኑ ጥግ ሁለት ሰዎች ይንሾካሾካሉ። የለቅሶ ቤት ሹክሹክታ ደግሞ ሆን ተብሎ የተነገረ ያህል ይሰማል።

«ጳጉሜን ያጠፋት ሰውዬ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው እንጂ! ኩባንያውን በቁሙ ቀበረው ይባላል።»

ካሳነሽ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ጉልላት ብዙ ነገር ነበር። ጳጉሜን ግን አላጠፋም።

ኩባንያው ከጅማ እስከ ድሬዳዋ ሳሙና፣ ጨው፣ ቆርቆሮና ጃንጥላ የሚያከፋፍል ነው። የየቅርንጫፉ መጋዘን ምን እንዳለው አዲስ አበባ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ኮምፒዩተር የሚሉት መኪና ሊመጣ ነው ሲባል፣ ጉልላት ቤይሩት ተልኮ ትምህርቱን ተማረ። ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ ከረባትና «ሲስተም» የሚል ቃል። ሽንኩርት ሲያልቅ እንኳ «ቤታችን ሲስተም የለውም» ይል ነበር። የሰፈር ሰው «አቶ ሲስተም» ብሎ ሲቀልድበት አብሮ ይስቃል። ያኔ ይስቅ ነበር።

መኪናው መጣ። ክፍል ተሠራለት፣ ማቀዝቀዣ ገባለት፤ የሚመረቅበት ቀን ተቆረጠ፣ የሚቆረጠው ሪባን ሳይቀር ተገዛ። የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። ከቅርንጫፍ በሚመጣው ካርድ ላይ ወሩ በማን ይቆጠር? የሂሳብ ኃላፊው በፈረንጅ ነው አሉ፤ ዕቃው የሚገዛው ከፈረንጅ ነውና። የሽያጭ ኃላፊው በሐበሻ ነው አሉ፤ የሚሸጠው ለሐበሻ ነውና። መኪናው ደግሞ ሲሠራ ዐሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር መኖሩን የነገረው የለም። ጉልላት «አንዱን ይወስኑልኝና መኪናውን በዚያ ላሰናዳው» ብሎ ጉዳዩን ዋና ሥራ አስኪያጁ ዘንድ አቀረበ። እሳቸው «ሁለቱ ኃላፊዎች ተስማምተው ይንገሩኝ» አሉ። ሁለቱ ኃላፊዎች የእግዜር ሰላምታ እንኳ የማይለዋወጡ ሰዎች ናቸው። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ። ቅርንጫፎቹን የጠየቃቸው አልነበረምና እያንዳንዱ ደስ እንዳለው መጻፍ ጀመረ።

አንድ ማታ ጉልላት ወደ ቤት ሲገባ ከረባቱን ሳይፈታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና የዕለቱን ስብሰባ በድምፅም በምልክትም ተወነላት።

«ተነሣሁና ‹ጌታዬ፣ ይህ ነገር ዛሬ ካልተወሰነ መኪናው አይሠራም፤ ምረቃው ይተላለፍ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ነው› አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?»

«ምን አሉህ?»

«‹አቶ ጉልላት፣ ይሄ ሪፖርት ነው ወይስ መርዶ?›»

ስብሰባው በሙሉ ስቆ ነበር። ካሳነሽም ሳቀች፤ አሁን ምነው ባልሳቅሁ ትላለች። እሑድ ለምሳ የመጡት አቶ ተክለማርያም ግን ነገሩን ከቁም ነገር ቆጠሩት።

«ሰውዬው አልተሳሳተም» አሉት ወንድማቸውን። «መርዶ እንዲህ አይነገርም። ‹አይሠራም› ይባላል እንዴ ለትልቅ ሰው? ‹ጥቂት ችግር ገጥሞናል፣ ግን ተቃርቧል› በል። ቆየት ብለህ ‹ችግሩ ጠንከር ብሏል› ትላለህ። ሲለምደው ትነግረዋለህ።»

ጉልላት ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ይህንንም ተማረ። በየወሩ «ተቃርቧል» አለ። ሥራ አስኪያጁ ደስ አላቸው፤ እሳቸውም ከበላያቸው ላሉት «ደርሷል» አሉ። እንዲህ እያለ ወሬው አንድ ደረጃ ሲወጣ ትንሽ እየዳነ፣ ከላይ ሲደርስ በሽተኛው ቆሞ ይጨፍር ነበር። ጉልላት መርዶ የሚነገርበትን ጎህ ይጠብቅ ነበር። ጎሁ ሳይቀድ ግን ምረቃው ቀደመ።

የዚያን ቀን የሆነውን ካሳነሽ የሰማችው ከሀምዱ ነው። ሀምዱ መኪናው ክፍል አብሮት የሚሠራ የኮልፌ ልጅ ነው፤ ጉልላት ካረፈበት ቀን ጀምሮ ከድንኳኑ አልጠፋም።

«ሪባኑ ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ» አላት፣ ሻዩን እያማሰለ። «ቁልፉን የተጫነው ራሱ ጋሽ ጉልላት ነው። ፊቱን ቢያዩት እትዬ፣ መርዶ ሊናገር የሄደ ሰው ነው የሚመስለው። እያወቀ ነው የተጫነው።»

መኪናው የታዘዘውን ሠራ። በጳጉሜ የተጻፈውን ካርድ ሁሉ እንዲህ የሚባል ወር የለም ብሎ ጣለው። የቀረውን እንደ መሰለው ደባለቀው። ለጅማ ክረምት የታሰበው ጃንጥላ በጥቅምት ድሬዳዋ ገባ፤ የድሬዳዋ ነጋዴ ብልህ ነውና የፀሐይ ነው ብሎ ሸጠው። ጅማ ግን ጨው በጨው ሆነች፤ ሳሙና ያዘዘውም ጨው፣ ቆርቆሮ ያዘዘውም ጨው ደረሰው። ሁለቱ ኃላፊዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ጥፋቱ የጉልላት ነው አሉ። እሱም «ጥናት ክፍል» የሚባል፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለ፣ ጥናት የሌለበት ክፍል ውስጥ ወንበር ተሰጠው።

በዚያው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ዋና ሥራ አስኪያጁ ለቅሶ ደረሱ። አውቶሞቢላቸው ጭቃውን ፈርቶ ዋናው መንገድ ላይ ስለቀረ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ጫማቸው አሳዛኝ ሆኖ ነበር። ሰው ሁሉ ብድግ አለላቸው።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ወይዘሮ ካሳነሽ። ጉልላት የኩባንያችን ዐይን ነበር።»

«አሜን፣ ጌታዬ።» ከዚያ «መኪናው እንዴት ሆነ?» አለቻቸው።

ጥያቄው ሳያስደስታቸው አልቀረም። «ተቃርቧል!» አሉ።

ሀምዱ ሻዩ ትን አለው።

«የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው» ቀጠሉ ሥራ አስኪያጁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ነገሩን በጊዜው ቢነግረኝ ኖሮ መላ አናጣለትም ነበር። ለምን እንደ ደበቀኝ እንጃ።»

«ነግሮዎት ነበር» አለች ካሳነሽ። ጮክ አላለችም፤ ድንኳኑ ሙሉ ግን ሰማት። «መርዶ ነው አሉት።»

ሥራ አስኪያጁ ባርኔጣቸውን ፈለጉ። እጃቸው ላይ ነበር። ነፍስ ይማር ብለው ሲወጡ ሀምዱ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ «አንጀቴን አራሱት፣ እትዬ» አላት። የእሷ አንጀት ግን አልራሰም። የተናደደችው በእሳቸው ብቻ አልነበረም፤ በሟቹ ተናዳለች፣ ይህንንም ለማንም መናገር አትችልም። ለሥራ አስኪያጁ የሚሰጠውን ሪፖርት ለእሷም ሰጥቷታልና። ጥናት ክፍል ወንበር ከተሰጠው ወዲህ ደረቱን ይዞ ሲቆም ታየዋለች። «ምነው?» ስትለው «ትንሽ ነው» ይላታል። ደረጃ ሲወጣ ላብ ያጠምቀዋል፤ «ትንሽ ደክሞኝ ነው።» ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው «እየተሻለኝ ነው፣ ተቃርቤያለሁ» ብሎ ያስቃታል። ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ሊያስር እንዳጎነበሰ ቀረ። ሰምታው፣ አምናው፣ ስቃለት ነው የሞተባት።

ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ተክለማርያም ሁለት ሽማግሌ ይዘው ወደ አውቶቡስ ጣቢያ ሊነሡ ሲሉ ካሳነሽ ከፍራሹ ተነሣች። ኀዘንተኛ ከተቀመጠበት አይነሣም። ሴቶቹ ጎረቤቷን አልፊያን ያዣት አሏት። አልፊያ ግን የንፍሮ ድስቷን ስታማስል ያልሰማች መሰለች።

«ወዴት ነው?» አሉ አቶ ተክለማርያም።

«ሀምዱ ልጄን ከአውቶቡሱ በቀጥታ እዚህ ፌርማታ እንዲያመጣልኝ ልኬዋለሁ። ድንኳኑን ሳታይ ልድረስባት።»

«ትወድቅብሻለች፣ ካሳነሽ! የእናቴን ነገር ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ከወደቀች እይዛታለሁ።» ከዚያ የያዘችው ሁሉ ወጣ። «ጉልላት እርስዎ ያስተማሩትን ለኩባንያው ብቻ መስሎዎታል? ለእኔም ‹ትንሽ ነው› ሲለኝ ነው የሞተው። አንድ ቀን ‹ካሳነሽ፣ እየሞትኩ ነው› ቢለኝ ምን ነበረበት? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይሉ የለም?»

የኮልፌን መርዶ ሁሉ የተናገሩት አቶ ተክለማርያም መርዶ እንደ ተነገረው ሰው አግዳሚው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ፤ ሽማግሌዎቹንም በእጃቸው «ተዉአት» አሏቸው።

ፌርማታው ጋ ደርሳ ስትቆም ስለ ነጠላዋ አሰበች። ጥለቱ እንደ ኀዘንተኛ ወደ ላይ ተዘቅዝቋል፤ ልጅቷ ገና ከሩቅ ስታየው ያረዳታል። ላስተካክለው ይሆን ብላ እጇን ሰደደች። ከዚያ መለሰችው። ነጠላም ይዋሽ እንዴ?

ታክሲው ቆመ። ሀምዱ ሻንጣውን ይዞ ከወዲያ ማዶ ወረደ፤ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ዓለም ካፖርቷ ላይ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ሁለት እጇ ውስጥ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ይዛ ወረደች። እናቷን አየች። ነጠላውን አየች። ዐይኗ ግን እንዳላየ ሆኖ አለፈው።

«እማዬ፣ አባዬ ተሻለው? ማር ይዤለታለሁ። የጎጃም ነው፣ ለደረት ጥሩ ነው አሉኝ።»

«ትንሽ…» አለ የካሳነሽ አፍ።

ቃሉ ራሱ ነው የመጣው። ምላሷ ላይ ሲደርስ አወቀችው። ዋጠችው።

«ሞቷል፣ ልጄ» አለች። «አባትሽ ሞቷል። ማክሰኞ ሞተ፣ ረቡዕ ቀበርነው።»

ዓለም አልወደቀችም። ቆርቆሮውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆመች።

«አሞት ነበር?»

«አሞት ነበር። በጣም አሞት ነበር።»

ካሳነሽ ማሩን ከልጇ እጅ ቀስ ብላ አስለቅቃ ለሀምዱ ሰጠችው። የዓለምን ነጠላ ከትከሻዋ አነሣች፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጠችና መልሳ አለበሰቻት። ጫፉን አንገቷ ሥር ስታስተካክልላት ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች፤ ካሳነሽም እዚያው ፌርማታው ላይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት፣ አብራት አለቀሰች።