የግራ እጅ ስፌት

ስልኩ ሲጮኽ ወረንጦው ገና በእጇ ነበር። የደወለችው የእናቷ ታላቅ እህት ናት፤ አርባ ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራ ዓይኗ የደከመ፣ ምላሷ ግን እንደ አዲስ መርፌ የሰላ ሴት።

"የጨርቅ ሐኪሟ! በሽተኛችን እንዴት አደረ?"

"ደህና ነው፣ እትዬ።"

"እኔ ግን ናፍቆኛል። እስከ ሐሙስ አልጠብቅም፤ አሁኑኑ መጥቼ እወስደዋለሁ። ያቺን የቀይዋን ቁራጭ ጠርዝ ብቻ አደራ፣ እንዳትነካኪያት። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማረው፣ ቀኝ እጇ አልታዘዝ ካላት በኋላ በግራዋ የሰፋቻት ናት። ከዚያ ወዲያ መርፌ አልያዘችም።"

ስልኩ ተዘጋ። የጨርቅ ሐኪሟ በቆመችበት ክው ብላ ቀረች።

ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው የቤተሰቡ ድሪቶ ነው። ከአያት ቀሚስ፣ ከአባት ኮት ገበር፣ ከሕፃናት መጠቅለያ እየተቀጣጠለ ሦስት ትውልድ ያሞቀ ብርድ ልብስ። አክስቷ እንድትጠግነው ለአንድ ወር ስትሰጣት አንድ ቃል አስገብታታለች፦ "በላዩ ጨምሪበት እንጂ ምንም አትፍቺበት።" በቤታቸው ደንብ የተቀደደ ቦታ በአዲስ ቁራጭ ይሸፈናል እንጂ የቀደመ ሰው ስፌት አይነሳም። እሷም እሺ ብላ ነበር የተቀበለችው። ባሕር ማዶ ስድስት ዓመት የተማረችው የአሮጌ ጨርቅ ጥገና ግን ሌላ ይላል፦ ጨርቁን የሚበላ ክር ይወጣል። በቀይዋ ቁራጭ ጠርዝ ላይ ያለው ወፍራም ጥቁር ክር ያረጀውን ጥጥ እየቆረጠው ነበር። ስፌቱም የተንሻፈፈ፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። "ይሄ ደግሞ የማን ጉድ ነው?" እያለች፣ ፈገግ እያለች፣ ከጠዋት ጀምሮ ስትመዘው ዋለች። የቀረችው ቋጠሮ ያላት የመጀመሪያዋ ስፌት ብቻ ናት። ክሩ ከእሷ ላይ ተንጠልጥሏል።

የአክስቷ ቤት በእግር ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው።

ክሩ አለ፣ ቀዳዳዎቹም አሉ፤ ማን ያውቃል? የተንጠለጠለውን ክር መርፌ ውስጥ አስገብታ በቀዳዳዎቹ መመለስ ጀመረች። ሦስት ሰፍታ በማጉያ መነጽር አየችው። የእናቷ ስፌት ወደ ግራ ያጋደለ ነበር፤ የእሷ ወደ ቀኝ። ፈታችውና መርፌውን ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ግራ እጇ የሰው እጅ ሆነባት። ጣቷን ወጋች፣ ደሙ ጨርቁን ሳይነካ በቀሚሷ ጠረገችው። አራት። ስድስት። ይሄ ጥገና ነው ወይስ ውሸት? ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። አስራ አንደኛው ላይ ስትደርስ የሳሳው ክር ቀጭ ብሎ ተበጠሰ።

በሩ ተንኳኳ።

አክስቷ ገብታ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ድሪቶውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ታነበው ጀመር። የአያት ቀሚስ። የኮት ገበር። ጣቷ ወደ ቀይዋ ቁራጭ ተጠጋ።

"እትዬ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርዎት..."

"ዝም በይ፣ እየቆጠርኩ ነው።"

ጣቷ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ።

"አስራ አንድ" አለች። "አስራ ዘጠኝ ነበሩ። ጨርቁን ወጥሬ የያዝኩላት እኔ ነኝ፤ አትዋሺኝ።"

"ፈታሁት። የእማዬ መሆኑን አላወቅኩም።"

"አትፍቺ ማለት በእናንተ ትምህርት ቤት ፍቺ ማለት ነው?" ድምጿ ከፍ አላለም፤ ከፍ ቢል በተሻለ ነበር። "ከእነዚህ የትኞቹ የእሷ ናቸው?"

"አንዷ። የመጀመሪያዋ።"

"አስሩስ?"

"እኔ ነኝ። በግራ እጄ።"

አክስቷ ስፌቶቹን ደግማ ዳሰሰች።

"በዓይኔ ድካም ተማምነሽ ነዋ።"

"አዎ።"

"በይ የራስሽን ፍቺ። መፍታቱን እንደሆነ ተክነሽበታል።"

ወረንጦውን አነሳች። አክስቷ ጨርቁን ወጥራ ያዘችላት።

"አስራ አንደኛው ላይ ሰደበችኝ። 'ወጥረሽ ያዢ፣ አንቺ ዕውር!' አለችኝ። ያኔ ዓይኔ ያይ ነበር እኮ።" ክሩ ተመዘዘ። "አስረኛው ላይ ዳክዬ እንኳ ከዚህ የተሻለ ይሰፋል ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ... ሰባተኛው ላይ አረፍን። ከአፏ ዳር ምራቋን ጠረግሁላት፤ ዓይኔን ላለማየት ዞረች።"

አምስተኛው ላይ አክስቷ ዝም አለች።

"እዚህስ ላይ?"

"'ደወለች?' አለችኝ።"

ወረንጦው ቆመ። ያን ሰሞን የጨርቅ ሐኪሟ ባሕር ማዶ የማታውቀውን ሰው የመቶ ዓመት መጋረጃ ክር በክር ስታጠና ነበር፤ እናቷ መታመሟን ሰምታ፣ ፈተናዬ ይለፍና እደውላለሁ እያለች።

"እርስዎ ምን አሏት?"

"ደውላለች፣ ስላንቺ ጠይቃለች፣ አልኳት።"

"አልደወልኩም፣ እትዬ።"

"ስልኩ እኔ እጅ ላይ ነበር፤ አንቺ ልትነግሪኝ ነው? ቀጥዪ።"

እንባዋ ጨርቁ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን አዙራ፣ በዳበሳ መዘዘችው። አራት። ሦስት። ሁለት። የመጀመሪያዋ ጋ ስትደርስ የአክስቷ አውራ ጣት ቋጠሮዋ ላይ አረፈ።

"ይቺን አትነኪያትም።"

ድሪቶውን አጣጥፋ አቀፈችው።

"ይወስዱታል?"

"እወስደዋለሁ እንጂ!"

ተከትላት እስከ በሩ ድረስ ሄደች። አክስቷ ደፉ ላይ ቆመች፤ ጀርባዋን እንደሰጠቻት ነው የተናገረችው።

"ቀዳዳዎቹ እንዲሁ እየታዩ ይቅሩ። ጨርቁ እንዳይተረተር ያን የምታሞጋግሺውን ስስ መረብ ጨርቅ ይዘሽ ሐሙስ ቤቴ ነይ። እኔ ወጥሬ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ትሰፊያለሽ። በቀኝ እጅሽ።"

"እሺ፣ እትዬ።"

"ወረንጦሽን ግን እዚሁ ተይው።"