ማንኛውም ሥራ

የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ከተዘጋ ወዲህ ሥራ መፍታቱ ዓለምዘውድን ቤት አላስቀምጥ አላት። ለዓመታት የማጣሪያው የስልክ ማዞሪያ ላይ ስትሠራ ቆይታ፣ በ1989 ዓ.ም. ከሌሎቹ ሠራተኞች ጋር ተሰናበተች። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ ትነሳለች፤ የሥራ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሙቀቱ ሳይጠና ወደ ወደቡ ትወጣለች። የመርከብ ወኪሎች፣ መጋዘኖች፣ ሆቴሎች፣ ጭነት ከወደቡ የሚያስለቅቁ የትራንዚት ቢሮዎች፤ ያልገባችበት በር አልነበረም። በየበሩ የምትለው አንድ ነው።

«ሥራ ይኖር ይሆን? ማንኛውም ሥራ ቢሆን እሠራለሁ።»

መልሱም አንድ ነው። «ሲኖር እንጠራሻለን።»

የጠራት ግን አልነበረም። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲከት፣ እሷ ከአልጋዋ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ አልጋዋ ትመላለሳለች። ጎረቤቶቿ ዕቃቸውን እየሸጡ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ጀምረዋል። በየደጁ ቁም ሣጥን ሲጎተት፣ አልጋ ሲፈታ ይሰማታል። እህቷ ፋናዬ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር «ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ እንጂ» ትላታለች። ዓለምዘውድ ግን አሰብ ተወልዳ አሰብ ያደገች ናት፤ አዲስ አበባን የምታውቀው ለለቅሶና ለሠርግ ስትሄድ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወደ አንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ስትቀርብ፣ ዘበኛው ገና ከሩቅ አይቷት «የለም» በሚል ራሱን ነቀነቀ። አፏን እንኳ አልከፈተችም። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ በከንቱ እንዳትደክም ብሎ ነው። እሷን ግን ከስድብ በላይ አንገበገባት። ወደ ቤት መመለሱም ስላስጠላት ወደ ከባድ መኪናዎቹ ማቆሚያ አቀናች።

እዚያ አብሮ አደጓ ከይሪያ በሰሌን በተጋረደች ዳስ ውስጥ ለሾፌሮችና ለረዳቶቻቸው ሻይና ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ትሸጣለች። እናቷ ከራሔይታ መንደር የመጣች አፋር ናት፤ ራሷ ግን ከዓለምዘውድ ጋር አንድ ክፍል ተምራ ያደገች የከተማ ልጅ ነች።

«ምን ሆነሻል ዛሬ?» አለቻት ጭማቂ እያቀረበችላት።

«ዘበኛው ገና ሳልናገር መለሰኝ።»

«ምን ልትዪው ነበር?»

«ያው የሁልጊዜውን ነዋ። ማንኛውም ሥራ ካለ…»

ከይሪያ ፈገግ አለች። «ወላሂ፣ አንድ ሰው እዚህ መጥቶ ማንኛውንም ነገር ስጪኝ ቢለኝ፣ ውኃ አጠጥቼ ነው የምሸኘው። ሻይ ላለኝ ነው ሻይ የምቀዳው።»

አጠገባቸው የተቀመጠው ሾፌሩ ሀብቴ ቀና አለ። በአሰብና በአዲስ አበባ መንገድ ብዙ ዓመት የተመላለሰ ሰው ነው፤ ዓለምዘውድንም በከይሪያ በኩል ያውቃታል።

«ጭነቴን እንደተቀበልኩ እወጣለሁ» አላት። «ጋቢናው ለሁለት ይበቃል፤ ዕቃሽንም ከላይ እናስረዋለን። ለምን ከእህትሽ ጋር አትሆኚም?»

«ላስብበት» አለችው።

ቤቷ ገብታ ጋደም ብትልም እንቅልፍ አልወሰዳትም። የከይሪያ ንግግር እየተመላለሰ የማዞሪያ ሥራዋን አስታወሳት። አንዳንድ ደዋዮች ነበሩ፤ «አንድ ሰው አገናኚኝ» የሚሉ። «ማንን?» ስትላቸው «የሚመለከተውን» ይላሉ። ጉዳያቸውን ካልነገሯት ማንን እንደሚመለከት ከየት ታውቃለች? ብዙ ጊዜ መስመር ላይ አቆይታቸው ወደ ሌላው ስልክ ትሄድ ነበር። እሷም ከተማውን ሁሉ እንደዚያ ስትደውልበት እንደከረመች ታያት። ሰው እንዲፈልጋት እንጂ፣ ሰው ምን እንደሚፈልግ ጠይቃ አታውቅም።

በማግስቱ የማንንም በር አላንኳኳችም። ከይሪያ ዳስ ሄዳ ሾፌሮቹን ታነጋግር ጀመር። ምን ያቆያችኋል? ማንን ነው የምትጠብቁት? ሾፌሮች ሲጠብቁ ወሬ አይጠሉም። ከሁሉም አፍ የሰማችው ተመሳሳይ ነበር፤ ሀብቴም ቢሆን የሚያማርረው በዚሁ ነው።

«ጭነቴ ትናንት ዝግጁ ነበር አሉ» አላት። «ወደቡ በር ላይ ስሜን ሲጠሩ እኔ እዚህ መኪናዬ ሥር ተኝቻለሁ። ተራዬ ለሌላ ተሰጠ። ትራንዚተሩ እዚያ፣ እኔ እዚህ፤ ማን ይንገረኝ?»

ከሁሉም ይበልጥ ቅሬታ የሚበዛው ሀብቴ በሚጫንለት የትራንዚት ቢሮ ላይ ነበር። ኃላፊው አቶ ገሠሠ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ዓለምዘውድ ያን ቀን ልቧ ሞልቶ ሄደች።

«ሥራ የለም» አላት ገሠሠ ቀና ሳይል።

«ሥራ ልጠይቅ አይደለም የመጣሁት። የእርስዎ መኪናዎች ተራ እያለፋቸው ነው። ቢሮዎ ሾፌሮቹን በጊዜው አይጠራም።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። ጸሐፊዎቹም መጻፋቸውን አቆሙ።

«ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው? ሂጂ ብሎ የላከሽ ማነው?»

ማንም እንዳልላካት ለማስረዳት ብትሞክር አልሰማትም። በሩን አሳያት። በቀጥታ ወደ ከይሪያ ዳስ ሄደች።

«በሰው ፊት ጉድለቱን ነገርሽው?» አለች ከይሪያ ስትሰማ። «እኔስ ብሆን አባርርሽ ነበር።»

ዓለምዘውድ ተናደደች፤ በከይሪያም በራሷም። ፋናዬ ጋ ደውላ እመጣለሁ አለቻት። ሻንጣ አወረደች፤ ልብስ አጣጥፋ ከተተች፤ መልሳ አወጣች። እንደገና ከተተች። በመጨረሻ ሻንጣውን እንደተከፈተ ትታው ወጣች።

ገሠሠን ለምሳ ሲወጣ ብቻውን አገኘችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ» አለችው። «ያን ቀን አነጋገሬ ልክ አልነበረም። የማጣሪያው ስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። አማርኛ፣ ትግርኛና ዓረብኛ እናገራለሁ፤ አፋርኛም አያቅተኝም። የወደቡን መጋዘን ኃላፊዎች በድምፅ አውቃቸዋለሁ። አንድ ሳምንት ስልክዎ አጠገብ ልቀመጥ። ጭነት ሲደርስ ከመጋዘን ሰምቼ ሾፌሩን አስጠራለሁ። ካልጠቀምኩዎት እሄዳለሁ።»

ገሠሠ መሐረቡን አውጥቶ አንገቱን ጠረገ።

«ሾፌሮቹ ስልክ የላቸውም። እንዴት ታስጠሪያቸዋለሽ?»

«ማቆሚያው አጠገብ ያለው ነዳጅ ማደያ ስልክ አለው፤ አነጋግሬያቸዋለሁ። ከዚያ ለከይሪያ ይነገራታል። ሾፌር ሁሉ ወይ እሷ ዘንድ ነው፣ ወይ መኪናው የት እንደቆመ ታውቃለች።»

«ነገ ጠዋት ነይ» አለ ገሠሠ። «ግን ቀጥሬሻለሁ ማለት አይደለም።»

የመጀመሪያው ቀን አላማረም። ሀብቴ የሚባል ሌላ ሾፌር ኖሮ፣ እሱ በወዳጇ በሀብቴ ተራ ወደቡ በር ላይ ሄዶ ተገተረ። ገሠሠ መነጽሩን አውልቆ አያት። ዓለምዘውድ ላብ በላብ ሆና እንደገና ደወለች፤ ከዚያ ወዲህ ሾፌር የምታስጠራው በስሙ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ሰሌዳም ሆነ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከቢሮው መኪናዎች ተራ ያለፈው አልነበረም። ገሠሠ አላመሰገናትም፤ ከጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ አንዱን ወደ ስልኩ አስጠግተው እንዲያዘጋጁላት ነገራቸው።

ሀብቴ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ለፋናዬ የደረቀ ዓሣ ላከችላት። «ሻንጣሽስ?» ሲላት፣ ለጊዜው እንደምትቆይ፣ ለፋናዬም እንዲነግርላት አደራ አለችው። መኪናው ተሳቢውን እየጎተተ ከማቆሚያው ሲወጣ ግን ከዓይኗ እስኪሰወር ቆማ ተመለከተችው። ያን ቀን ከሰፈሯ ሌላ ቤተሰብም ዕቃውን ጭኖ ሄዷል።

ገሠሠ የቀጠራት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እሱም አያውቅም። ይህም ዕረፍት ነሳት። በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ነፋስ በሚሰጠው ቬንቲላተር ሥር ሲጋደሙ፣ እሷ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ወደ ጨው ማምረቻው ቢሮ ሄደች። ተረኛውን ሠራተኛ ሰላም አለችው። ሥራ መኖሩን አልጠየቀችውም።

«መርከብ ሲዘገይባችሁ ማነው የሚነግራችሁ?» አለችው።

ሰውየው በረጅሙ ተነፈሰና ወንበር ሳበላት። ብዙ የሚያወራው ነበረው።