ዋይፋዩን እስከ ወይራው

እኅቴ ወይንእሸት ከሞጣ የላከችው የድምፅ መልእክት አጭር ነበር። «ማስቲ፣ ልጁ ተገልብጧል። ዛሬ ከሰዓት በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን ብለውኛል። እኔ ግን አባባ ሳይመርቁኝ ንቅንቅ አልልም። ለሐኪሙም እንደዚያ ብዬዋለሁ።»

አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እኔ፣ አንዱን እማዬ ሰክተን ነው የሰማነው። እማዬ የያዘችውን ወንፊት ጥላ መደቡ ላይ ዘጭ አለች።

«አልገባም ትላለች እንዴ! ምን ዓይነት ድርቅና ነው?»

«ከማን ወረሰችው ታዲያ?» አልኩ፣ ግቢው ጥግ ወዳለው ወይራ በአገጬ እያመለከትኩ። አባባ እዚያ ዛፍ ሥር አልጋ ይሠራሉ። አናጢ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌላ ሰው ሽማግሌ መጥቶ፣ አባባ እሺ ብለው፣ ቀን ተቆርጦ ሳለ ወይንእሸት ሞጣ ሄዳ ይታገስ የሚባል የሚኒባስ ሾፌር አገባች። አባባ ያን ቀን መሐል ቤት ቆመው፣ «ከእንግዲህ የእሷ ድምፅ በዚህ ጣራ ሥር እንዳይሰማ በሥላሴ ስም ገዝቻለሁ» አሉ። ሲቆጡ የሚናገሩትን ሁሉ ማታ ይረሱታል፤ ይኼን ግን አልረሱትም። ግዝት ነውና እማዬም እኔም ደፍረን ጥሰን አናውቅም። የጆሮ ማዳመጫውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሚሰማው ጆሯችን ውስጥ ነው እንጂ ቤቱ ውስጥ አይደለም ብዬ እማዬን አሳምኛታለሁ። አባባ ግን በዚህ ዓይነት ሽወዳ የሚታለሉ ሰው አይደሉም።

የስልክ ኔትወርክ ሰሞኑን የለም። ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደውም መንገድ ዝግ ነው። እኛን ከወይንእሸት ጋር የሚያገናኘን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው የዋይፋይ ሣጥን ብቻ ናት። እሷንም ያስገባችው ተከራያችን ሊድያ ናት። ከሐዋሳ ተመድባ የመጣች የፋርማሲ ሠራተኛ ናት፤ እንደኔ ያለ አፍ ስለሌላት እማዬ ከእኔ አብልጣ ትወዳታለች።

ሣጥኗ ሳሎን ውስጥ እንደ ልቧ ትሠራለች፤ ከደጃፍ ወዲያ ግን የለችም። በራችን ብረት፣ መስኮታችን ብረት፣ ጣራችን ቆርቆሮ። አባባ ሌባ ፈርተው ነው እንዲህ ያጠሩት። ሌባም አልገባ፣ ዋይፋይም አልወጣ።

ወይራው ሥር ሄድኩና ቆምኩ።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«አዲስ ስልክ ከሆነ አልገዛም።»

«ያ ግዝት ‹ጣራ ሥር› ነው ያሉት፣ አይደል?»

መላጊያው እንጨቱ ላይ ቀጥ አለ።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ወይራው ጣራ የለውም ብዬ ነው እንጂ።»

«ትምህርቱን ስድስተኛ ክፍል ላይ ጥለሽ ጥብቅና ጀመርሽ?»

«ወይንእሸት ዛሬ በኦፕራሲዮን ልትወልድ ነው። አባባ ሳይመርቁኝ አልገባም ብላ ተቀምጣለች።»

መላጊያውን አነሡና መልሰው ሳያሳርፉት በእጃቸው ይዘውት ቆዩ።

«ስለ ደጅ የተናገርኩት ነገር የለም» አሉ በመጨረሻ፣ እኔን ሳያዩ።

እኛ ቤት ይኼ እሺ ማለት ነው።

ሮጬ ሊድያ ዘንድ ገባሁ። ለምሳ መጥታ ነበር፤ ነገሩን ስነግራት ጉርሻዋን ሳትውጥ ተነሥታ ከሻንጣዋ ሪፒተር አወጣችልኝ። ሶኬት ላይ የምትሰካ፣ ሁለት ጆሮ ያላት ነጭ ነገር ናት።

«ይቺ ከሣጥኑ የተቀበለችውን ወደፊት ታሳልፋለች። መሐል ላይ አድርጊያት፣ ማስቲ። ሩቅ እንዳትወስጃት፣ እሺ?» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እሺ አልኳት። ግን ይኼን ያህል ብልህ ነኝና፣ አባባ ካሉበት ቢደርስ አይሻልም ወይ ብዬ የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ዘርግቼ ወስጄ ወይራው ሥር ሰካኋት። ቀይ አበራች። ቁልፏን ተጫንኩ፣ ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ ለመንኳት፣ ሰደብኳት። ቀይ። አባባ መላጊያቸውን ይዘው በዓይናቸው ጥግ ያዩኛል። እማዬ ከደጃፍ ሆና፣ «ምን ትጠብቂያለሽ? ልጄ ልትሞትብኝ ነው!» ትላለች። እዚያ ሥር ዋይፋዩ ራሱ ስለማይደርስ ምኑን ተቀብላ ምኑን ታሳልፍ? ይኼ የገባኝ እጄ ላብ በላብ ከሆነ በኋላ ነው።

ስልኬን ለማየት ሳሎን ስገባ ሌላ መልእክት ደርሷል። በጽሑፍ ነው። «ነርሷ እየተቆጣችኝ ነው። የልጁ ልብ ምት ደክሟል አሉ። የት ናችሁ?»

ለእማዬ አላነበብኩላትም። ሪፒተሯን ነቅዬ ወደ ሳሎኑ መስኮት ወሰድኳት፤ የብረት መዝጊያውን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ ማራዘሚያው ላይ ሰክቼ ደፉ ላይ አስቀመጥኳት። አረንጓዴ አበራች! ስልኬን ከፍ አድርጌ ወደ ወይራው ሄድኩ። ከሦስቱ የዋይፋይ መስመር አንዷ ብቻ ቀረች፣ እሷም ብልጭ ጥፍት ትላለች። ደወልኩ።

የወይንእሸት ፊት ተቆራርጦ መጣ። ፀጉሯን በሆስፒታል ቆብ ሸፍነውላታል።

«አባ—» ብላ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀረች።

አባባ ስልኩን ተቀበሉኝና ወደ ዓይናቸው አስጠጉት።

«ከስታለች።»

«አልከሳችም አባባ፣ ኔትወርኩ ነው የቆራረጣት።»

«የት ድረስ ነው ደህና አድርጎ የሚመጣው?»

«ወደ ቤት በተጠጋን ቁጥር ይሻላል።»

አልጋውን ጥለው ተነሡ። እኔ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ፣ ስልኩን እንደ ሞላ ኩባያ በሁለት እጃቸው ይዘው ተራመዱ። የጣራው ክፈፍ ጋ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ከዚያ ወዲህ ጣራ ሥር ነው። ደግሞም ልክ እዚያች ጋ ሲቆሙ ሰማዩ አጉረመረመና ዝናቡ ወረደ። የሰኔ ዝናብ መቼም አያስጠነቅቅም። ከቆርቆሮው የሚንዠቀዠቀው ውኃ ትከሻቸው ላይ ያርፋል፤ እሳቸው ስልኩን በኮታቸው ከልለው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ንቅንቅ የለም።

«ወይንእሸት» አሉ። ስሟን ሲጠሩ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

«አባባ፣ ይሰሙኛል? እየወሰዱኝ ነው፣ ቶሎ—»

ጥፍት አለ።

ዞር ስል እማዬ መስኮቱን ዘግታዋለች። ዝናብ ሲመጣ መስኮት መዝጋት ልማዷ ነው፤ እጇ ራሱ ሳያማክራት ይዘጋል።

«እማዬ! መስኮቱን! ዋይፋዩ እኮ በእሱ ነው የሚወጣው!»

ደንግጣ ብርግድ አድርጋ ስትከፍተው መዝጊያው ሪፒተሯን መታና ጭቃው ላይ ጣላት። አንሥቼ ስሰካት ቀይ እንኳ አላበራችም። ሊድያ ታርደኛለች። ግን እሱ ለነገ ነው።

ስልኩን ከአባባ እጅ መንጭቄ ሣጥኗ ወዳለችበት ሳሎን ሮጥኩ። መስመሮቹ ከመሙላታቸው ስልኩ ጮኸ። ሳላስበው አነሣሁት። ድምፁን ለአባባ ብዬ እስከ ጫፍ ከፍቼው ነበር።

«አባባ! አባባ፣ ይሰሙኛል?»

የወይንእሸት ድምፅ ቤቱን ሞላው።

እማዬ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ልዝጋው? ከዘጋሁት ሳትመረቅ ትገባለች፣ ወይ ጭራሽ እምቢ ትላለች። ካልዘጋሁት ደግሞ ግዝቱን ያስጣስኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬ በዚያ አልጋ ላይ አንድ ነገር ቢደርስባት ዕድሜ ልኬን በእኔ ነው የምለው። አውራ ጣቴ ቀዩ ምልክት ላይ ቆሟል። በበሩ በኩል ወደ ውጭ አየሁ። አባባ ከክፈፉ ወዲያ ዝናብ ውስጥ ቆመው ያዩኛል።

«አባባ፣ እዚያ የሉም እንዴ?» አለች ወይንእሸት። ማልቀስ ጀምራለች።

አባባ ገቡ። ጫማቸው ውኃ እያንጠባጠበ መጡና ስልኩን ከእጄ ወሰዱ።

«አለሁ። እሰማሻለሁ።»

«ኧረ ግዝቱ!» አለች እማዬ።

«የገዘትኩት እኔ ነኝ። ለንስሐ አባቴ የምናገረውም እኔ፣ የምሰግደውም እኔ። አንቺ አሜን በይ።» ወደ ስልኩ ዞሩ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ። የሐኪሞቹን እጅ የሷ እጅ ታድርገው። የእኔ ቂም ከላይሽ ይነሣ። ሂጂ፣ ልጄ።»

«አሜን» አለች። እማዬም እኔም ተከተልን። ከዚያ ፊቷ ጠፋና ጣሪያ፣ መብራት፣ የሚዘጋ በር ታየ።

ባሏ ይታገስ ስልኩን ተቀብሎ አግዳሚ ወንበር ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የምናየው ግማሹ አረንጓዴ የተቀባ ግድግዳ ብቻ ነው።

«ልዝጋው፣ አባባ?»

«እንዳትነኪው።»

ግድግዳውን አየን። አንድ ሰው በክራንች አለፈ። መብራቱ ብልጭ ሲል ሦስታችንም አምፖሉን ቀና ብለን አየን፤ እሱ ከሄደ ሁሉም ነገር ሄደ። አልሄደም። አባባ ኮታቸውን እንኳ አላወለቁም፤ ከእግራቸው ሥር ውኃ ተጠራቅሟል።

«አንተ ሾፌር» አሉ ድንገት።

ይታገስ ብድግ ሲል የወንበሩ እግር ሲጢጥ ሲል ተሰማ። እስከ ዛሬ አንድ ቃል አውርተውት አያውቁም።

«አቤት፣ አባባ!»

«እህል ቀምሰሃል?»

«አልወርድ አለኝ፣ አባባ።»

«ቅመስ። ስትወጣ የሚያግዛት ሰው ያስፈልጋታል።»

ከዚያ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ምንም አልሰማ አለን። አባባ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። እኔ ፊታቸውን ነው የማየው፤ እማዬ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች መሬቱን ትዳብሳለች።

«የወይንእሸት ሰጠኝ ቤተሰብ!» የሚል የሴት ድምፅ ከስልኩ ወጣ።

«አለን!» ብለው አባባ ጮኹ፣ ይታገስን ቀድመው፣ ሞጣ ከቢቸና ሩቅ መሆኑን ረስተው። «አባቷ ነኝ! እዚህ ነኝ!»

እዚያ ማዶ ስልኩ ወደቀ፣ ተነሣ፣ አባባ የእኛን ከጆሯቸው ሲያወርዱት የአንዲት ነርስ ፊት ጠጋ ብሎ አየን።

«አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ አስደነገጡኝ» አለች። «ሁለቱም ደህና ናቸው።»

አባባ በእጃቸው ወደ ኋላ ወንበር ፈለጉ፤ አጡት፤ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ።