ያልተፈታው ተሳቢ

ሾፌሩ ደሴ ያን ዕለት ጠዋት ከሐይቁ ዳር ሲነሣ ሁለት ነገር ጭኖ ነበር። በተሳቢው ላይ የአምራቾች ማኅበሩ የተበላሸ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ከመኪናዋ ውስጥ ደግሞ ጽጌሬዳ የምትባል፣ ሕፃኗን ቤት ትታ የወጣች የአምስት ቀን አራስ። ሞተሩን ወረታ እንዲያደርስ በደብዳቤ ታዝዟል። አራሷን ጫናት ያለው ግን የለም። እናቷ ወይዘሮ አማከለች መንገድ ላይ ቆመው፣ ልጃቸው ከትናንት ጀምሮ በትኩሳት እንደምትቃጠል እየነገሩ ሲለምኑት አንጀቱ አልችል ብሎ ሁለቱንም አሳፈራቸው። ከእኩለ ቀን በፊት ወረታ ጤና ጣቢያ ካደረሳት ትተርፋለች ብሎ ነበር።

ግንቦት ነው። በክረምት ሐይቅ የሚሆነው የፎገራ ሜዳ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ ተተርትሯል፤ አንድ ጭልፋ ውሃ አይገኝበትም። ተሳቢው በየስንጥቁ እየተንገጫገጨ መኪናዋን ወደ ኋላ ይጎትታታል። የደረቀውን ጅረት አሸዋ በአራቱም ጎማ እያጓራች እንደተሻገረች፣ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ነካ፤ ከሞተሩ ክዳን ሥርም እንፋሎት ተግተለተለ። ደሴ ወርዶ ሲያይ ራዲያተሩ ከታች ስፌቱ ለቆ ያንጠባጥባል። በጀሪካን የያዘውን ውሃ ጨርሶ ጨመረበት፤ አልሞላም።

ደግነቱ የገሰሰ ቤት ቅርብ ነበር። ገሰሰ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ፣ ሚስቱ ሸክላ የምትሠራ፣ ከመንደሩ ተነጥሎ የሚኖር ባለ እጅ ነው። ደሴ ጠርቶት ውሃ የሞላ እንስራ ተሸክሞ ሲመጣ አማከለች ከሩቅ አዩትና ጋቢያቸውን አውልቀው ልጃቸውን ከራሷ እስከ እግሯ ሸፈኗት፤ መስኮቱንም ዘጉ። አራስን የቀጥቃጭ ዓይን ካያት አትተርፍም እየተባለ ነው ያደጉት። ገሰሰም ይህን ያውቃል። ጀርባውን ለመኪናዋ በር ሰጥቶ አለፈና ከፊት ተንበርክኮ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰው።

«በቆርቆሮ ይበየዳል» አለ። «ግን ተፈቶ ነው፤ እሳትም ማንደድ አለ። እስኪያልቅ ፀሐይ ታዘቀዝቃለች። ወንድሜ፣ የታመመ ሰው ይዘሃል። ተሳቢውን ፍታና እኔ ዘንድ ተወው። ባዶዋን ቀስ እያልክ፣ ውሃ እየጨመርክ ብትሄድ በአንድ ሰዓት ወረታ ትገባለህ። እንስራውንም ውሰደው።»

ደሴ ዞሮ ተሳቢውን አየ። ባልደረባው ገብረ ኪዳን አምና መንገድ ላይ ትቶት የሄደው አንድ በርሜል ናፍጣ ጠፍቶበት፣ አሻጥረኛ ተብሎ ሰባት ወር ታስሯል። ሞተሩን በቀጥቃጭ ደጅ ጥዬው መጣሁ ቢል ማን ይሰማዋል?

«በይደው» አለ።

ገሰሰ እጁን አራግፎ ተነሣ። «አንተ ታውቃለህ» አለና ወናፉን ሊያመጣ ሄደ።

ከሰሉ ሲቀጣጠል፣ ቆርቆሮው ሲቀልጥ፣ እኩለ ቀን ሆኖ አለፈ። መሐል ላይ ከጋቢው ሥር ጽጌሬዳ ውሃ ስትል ተሰማ። ገሰሰ ፊቱን እንዳዞረ እንስራውን ወደ በሩ አስጠጋው።

«ያንን መኪናህ ይጠጣው» አሉ አማከለች፣ ለደሴ እንጂ ለገሰሰ አልተናገሩም። «ልጄ ከሱ ቤት ሸክላ አትጠጣም።»

ደሴ እኔ በእጄ ልቅዳላት ብሎ አንድ ጊዜ ለመናቸው። እምቢ አሉት፤ ተወው። ገሰሰ ብየዳውን ጨርሶ ራዲያተሩን መልሶ ካሰረ በኋላ የእንስራው ውሃ ሁሉ እዚያ ገባ።

ወረታ ሲደርሱ ጀንበር ልትጠልቅ ነበር። ጤና ረዳቱ ጋቢውን ገለጠ፤ ጽጌሬዳ በሕይወት አልነበረችም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ፊቷን ያየ ሰው አልነበረም።

«ጠዋት አልነበር እንዴ የተነሣችሁት?» አለ ረዳቱ። «ምን ያዛችሁ?»

«ቀጥቃጩ በላብኝ» አሉ አማከለች፣ መሬት ላይ ተቀምጠው። «ሸፍኜያትም በላብኝ።»

ረዳቱ ደሴን አየው። ደሴ መኪናዋ ፈልታባቸው እንደነበር ተናገረ። ስለ ተሳቢው አላነሣም።

ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ መንገዱን ሳይቆርጠው፣ የተጠገነውን ሞተር ይዞ በዚያው መንገድ ተመለሰ። የገሰሰ ቤት ጣራው የለም፤ የእሳት ቦታው ተቆፍሯል፤ ደጁ የሸክላ ስብርባሪ ነው። በዚያ ስታልፍ ያገኛት ሴት፣ ከጽጌሬዳ ቀብር የተመለሱት ሰዎች በዱላ እንደመጡና ባልና ሚስቱ የት እንደገቡ እንደማይታወቅ ነገረችው።

«የተናገረለት ሰው የለም?»

«ማን ይናገርለት? አብሮ የነበረ ሾፌሩ ነው፤ እሱም ምንም አላለም አሉ።»

ሴትዮዋ ካለፈች በኋላ ደሴ እንደ ልማዱ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ራዲያተሩን አየ። ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። የገሰሰን ብየዳ ከሥር በጣቱ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነበር።