በውኃ የቀዘቀዘ ብረት

«ባሩዱን በልኩ ነው የሞላሁት፤ የከዳኝ ብረቱ ነው» አለ ዐወድ፣ ግማሽ ፊቱ በጨርቅ እንደተጠቀለለ። ቀጥቃጩ ሐምዳን ደግሞ፣ «ወላሂ፣ ቀለሁን ከልክ በላይ አጭቆታል! ብረቴ እንከን የለውም» ብሎ ማለ።

የሆሞሻ ሽማግሌዎች ከሮቃው ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁለቱንም ሰሙ። ዐወድ ትናንት ለብቻው ጎሽ አደን ወጥቶ ሲተኩስ፣ ሐምዳን የሠራለት የውጅግራ ጠመንጃው የኋላ መዝጊያ ተሰባብሮ አንድ ዓይኑን አጥፍቶታል። ጥፋቱ የብረቱ ከሆነ የቀጥቃጩ ወናፍ ይቃጠላል፤ ከእንግዲህ በአገሩ ብረት አይመታም።

«ስባሪውን እየው» አሉ ሸኽ ዐብዱልቃድር፣ ቁራጩን ለሐምዳን እያቀበሉት።

ሐምዳን አገላበጠው። ባሩድ የበዛበት ለስላሳ ብረት መጀመሪያ ይለጠጣል፣ ይጣመማል፣ ከዚያ ነው የሚቀደደው። ይህ ግን ምንም አልተጣመመም። እንደ ሸክላ ተሰብሯል፤ ስብራቱ እንደ ጨው ያብረቀርቃል። አባቱ፣ «የጋለውን በቀርከሃ አመድ ቀብረህ አሳድረው፤ በውኃ ከቀዘቀዘ ይሰበራል» ይለው ነበር። የዐወድንና የሌላ አዳኝ መዝጊያ የሠራ ዕለት ግን አዳኞቹ ደጁ ላይ ቆመው አጣደፉት፤ ሁለቱንም መዝጊያ ውኃ ውስጥ ነከራቸው።

ሁለተኛው የጁምዓ ነው፤ የሚስቱ የዓዲላ ወንድም።

«ምን ታያለህ?» አሉ ሸኹ።

«ባሩድ... ባሩድ በዝቶበት ነው።»

ጁምዓ ጠመንጃውን ይዞ ተነሣ። «ምን ያከራክራል? የኔም መዝጊያ ከሱ ጋር ባንድ ቀን ነው የተሠራው፤ ገና አልተኮስኩበትም። በልኩ የተሞላ ጥይት ልተኩስ። ብረቱ ከቻለ፣ የእህቴ ባል እውነቱን ነው።»

«ካልቻለስ?» አለ ዐወድ።

«ያኔማ አንተና እኔ አንድ አንድ ዓይን አዋጥተን አብረን አደን እንወጣለን!»

ሰዉ ሳቀ። ዐወድ አልሳቀም።

ጁምዓ ጥይቱን አጉርሶ ጉንጩን ሰደፉ ላይ አሳረፈ። ዐወድም ቢሆን አራት ጊዜ ተኩሶ ነበር፤ የፈነዳው በአምስተኛው ነው። ይህም ዛሬ ላይፈነዳ ይችላል። ያኔ ሐምዳን ይተርፋል፤ ጁምዓ ግን ጠመንጃውን አምኖ ይዞት ይሄዳል።

የጁምዓ ጣት ምላጩን ነካ።

«አትተኩስ!» ሐምዳን ዘሎ አፈ ሙዙን ወደ መሬት ደፈቀው። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ ዐወድ ዞረ። «ባሩዱ አልነበረም። ያንተንም የሱንም በውኃ ነው ያቀዘቀዝኩት። ወናፉን እኔው ራሴ አመጣዋለሁ።»