የአየር ታፔላ

«ከመሰላሉ ውረድ» አሉ እትዬ።

ቀለም ቀቢው ያልሰማ መስሏቸው ጠጋ ብለው የመሰላሉን እግር ያዙ። «አንተን ነው የኔ ልጅ። ውረድ።»

ሰውየው የነጭ ቀለም ባልዲውን እንዳንጠለጠለ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ የቀጠረውን ታላቁን ልጃቸውን አየ። ታላቁ ልጅ የተጠቀለለ ባነር በትከሻው ተሸክሞ የግቢው በር አጠገብ ቆሟል። ባነሩ ላይ ከትናንት ወዲያ የተቀበሩት አባቱ አሉ፤ ሦስት ሜትር በሁለት፣ ከኋላቸው ሰማያዊ ደመና፣ ከሥራቸው የትውልድና የሞት ዘመን በወርቃማ ፊደል። ማተሚያ ቤት አለውና ራሱ አትሞ ነው ያመጣው።

«እማዬ፣ ሰው እያየ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እንዲያይ ነው የምናገረው።»

«ግድግዳው እኮ ያሳፍራል። ዝናብ በልቶታል፣ ተሰነጣጥቋል፣ የሚስማር ቀዳዳ ሞልቶታል። ነጭ ይቀባና አባዬን እዚህ ላይ እንሰቅለዋለን። ነገ የለቅሶው መጨረሻ ነው፤ ስንት ሰው ይመጣል።»

«አባትህን በባነር አትሰቅለውም» አሉ እትዬ። «ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሲጽፍ የኖረ ሰውዬ፣ አፈሩ ሳይደርቅ በማሽን ታትሞ አይወጣም። በቁሙ እሺ ያላለህን ሞቶ እሺ አታሰኘውም።»

ወንበሮቹ ላይ የተቀመጠው ለቀስተኛ ስኒውን እንደያዘ ወደ እነሱ ዞረ። ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ጸብ እንዳለ ካወቀ ቶሎ አይነሳም፤ ያን ዕለትም ማንም አልተነሳም።

ቀለም ቀቢው ወረደ። ታላቁ ልጅ ባነሩን ግድግዳው ሥር አስተኝቶ «ነገ ጠዋት ይቀባል፣ አለቀ» ብሎ ወጣ። ግትርነቱን ከየት አመጣው የሚል ካለ መልሱ መሰላሉ ሥር ቆሟል።

ሟቹን ሠፈሩ የሚያውቃቸው ጋሽ ታፔላ ብሎ ነው። ቀብር ላይ እውነተኛ ስማቸው ሲጠራ «ደግሞ ይሄ ማነው?» ያለ የቅርብ ጎረቤት ነበር። ዳቦ ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው፣ ሁሉም በሳቸው ፊደል ነው ለሰው የታወቀው። የ«ዳ»ን እግር ትንሽ ወደ ውጭ ስለሚያወጧት፣ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ የጋሽ ታፔላን ሥራ ከሩቅ ይለያል።

ማንም የማያውቀው ግማሹ ሥራ የእትዬ መሆኑን ነው። ጋሽ ታፔላ የፊደሎቹን ዳር በቀጭን ብሩሽ ያወጣሉ። ውስጡን የሚሞሉት እትዬ ናቸው። ቀዩን ቀለም የሚበጠብጡትም እሳቸው ናቸው፤ በአንድ ጣሳ ቀይ ላይ ጥቂት ጠብታ ጥቁር፤ ስንት ጠብታ እንደሆነ ለማንም ተናግረው አያውቁም። ግራኝ ስለሆኑ ከመጀመሪያው ፊደል ቢነሱ ክንዳቸው እርጥቡን ቀለም ያበላሸዋል። ስለዚህ እጅጌያቸውን ሰብስበው ከመጨረሻው ፊደል ይጀምራሉ። ባልየው ደግሞ ከመጀመሪያው ፊደል ተነስተው በጥቁር ጥላ ያበጁለታል። መሃል ላይ ይገናኛሉ።

«እንኳን ደህና መጣሽ እሜቴ» ይላሉ ጋሽ ታፔላ እዚያ ሲደርሱ። አርባ ዓመት ሙሉ ያቺኑ አንድ ቀልድ። እትዬ አንድም ቀን ስቀውላቸው አያውቁም፤ አንድም ቀን ግን ሳይሰሟት ማደር አይፈልጉም ነበር።

ከዚያ ባነር መጣ። ያመጣው ሌላ ባዳ ቢሆን እትዬ ይራገሙት ነበር፤ ግን ማሽኑን የገዛው ታላቁ ልጅ ነው፣ ፊደል የቆጠረው በአባቱ ታፔላዎች ላይ የሆነው ልጅ። በሁለት ዓመት ውስጥ የጋሽ ታፔላ ሥራ ሁሉ ወረደ ወይም በባነር ተሸፈነ። በመጨረሻ በገዛ ግቢያቸው ግድግዳ ላይ የነበረችውን፣ «እዚህ ታፔላ ይጻፋል» የምትለዋን ሰሌዳ ጋሽ ታፔላ በራሳቸው እጅ ነቅለው የዕቃ መደርደሪያ አደረጓት። እትዬ ያን ቀን ምሳ አልበሉም። ባልየው በሉ፣ ያውም ደጋግመው፤ ይኼ ነው ያናደዳቸው።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ወጥ ቤት ደጃፍ ላይ ቆመው ከቴርሞስ ቡና እየቀዱ ሳለ የሟች እህት ለጎረቤታቸው ሲያንሾካሽኩ ሰሙ።

«መጨረሻ ላይ እኮ ነክቶት ነበር ወንድሜን። ስልኩን ባዶ ግድግዳ ላይ ቀስሮ መንገድ መሃል ቆሞ ይስቃል አሉ። እኔስ ስንት ጊዜ አፈርኩ።»

እትዬ ስኒውን ይዘው ሄዱና ፊታቸው አስቀመጡላቸው። «ምንም የነካው ነገር የለም። ያፈርሽበትን ሰው ለማልቀስ ሦስት ቀን ሙሉ መቀመጥሽ ይገርመኛል። ጠጪ፣ ሳይቀዘቅዝ።»

እትዬ ቀጥ ብለው ተመለሱ፣ በሩን ከኋላቸው ዘጉና ቁጭ አሉ። እሳቸው ራሳቸውም እኮ ባላቸውን እብድ ብለውታል። ከማንም በላይ የባሰውን ያሉት እሳቸው ናቸው።

ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ልብስ እያጠቡ ነበር። ጋሽ ታፔላ ስልኩን ይዘው ግድግዳው ፊት ቆመዋል፣ ፊታቸው በርቷል።

«እሜቴ፣ ነይማ አንድ ነገር እዪልኝ።»

«ምኑን ነው የማየው?»

«ነይና እዪ። ነግሬሽ አይሆንም።»

«ቀለም የማይሸት ሥራ ሥራ አይደለም» አሉ እትዬ፣ ከገንዳው ቀና እንኳ ሳይሉ። «እብድ ነው ይሉሃል። ውጭ እየተሟገትኩልህ እገባለሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ እውነታቸውን ነው እላለሁ። ደከመኝ።»

ጋሽ ታፔላ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። አልተቆጡም። «እሺ፣ ሲመችሽ» አሉ።

አልተመቻቸውም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልተመቻቸውም። ልብስ ነበር፣ ጉንፋን ነበር፣ ኩርፊያ ነበር። አሁን ወጥ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው፣ ያችን «ሲመችሽ» እንደገና እየሰሙ፣ ራሳቸውን ክፉኛ ጠሉ።

አመሻሹ ላይ ስልክ ጠጋኟ መጣች። መንገዱ ማዶ ሱቅ ያላት፣ ሠላሳ ዓመት ያለፋት ቆፍጣና ሴት ናት። ነፍስ ይማር ብላ ተቀመጠች፣ ቡና አልፈልግም አለች፣ ከዚያ ከቦርሳዋ የጋሽ ታፔላን ስልክ አወጣች።

«መስታወቱ ተሰንጥቆ ሊሠራላቸው ያመጡት ያረፉ ዕለት ጠዋት ነው። ሠርቼ ስጠብቃቸው…» ብላ አቆመች። ወዲያው ዓይኗ ግድግዳው ሥር ባለው ባልዲ ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድነው? ግድግዳው ሊቀባ ነው እንዴ?»

«ነገ ጠዋት። ልጄ ነው።»

«እትዬ፣ አይቀባም። በጭራሽ አይቀባም። ጋሼ የመጨረሻውን ሥራቸውን ያስቀመጡት እዚህ ላይ ነው።»

እትዬ ግድግዳውን አዩት። ቡናማ የዝናብ መስመር፣ ከጥግ እስከ ጥግ የሚሄድ ስንጥቅ፣ ሰሌዳዋ የተነቀለችበት አራት ቀዳዳ። «ምንም የለም እኮ ልጄ።»

«በዓይን ብቻ ሲያዩት ነው የሌለው። ስልኩን ደቅነው ሲያዩበት አለ። የዘመኑ ሠዓሊዎች ኦግመንትድ ሪያሊቲ ይሉታል፣ አዲስ ጥበብ መጣ እያሉ ብዙ ያወሩለታል። ጋሼ ግን የአየር ታፔላ ነው የሚሉት።»

ነገሩን ከሥሩ ነገረቻቸው። ጋሽ ታፔላ አንድ ቀን ሱቋ ፊት ቆመው «ከዚህ ባነርሽ ሥር የኔ ጽሑፍ አለ፣ ታውቂያለሽ?» አሏት። አላወቀችም ነበር፤ አፈረች። ለማካካስ ብላ ፎቶ ላይ መሳያ ፕሮግራም አሳየቻቸው፣ ቀጥሎም ሥዕሉን እውነተኛ ቦታ ላይ የሚያቆመውን። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው በየቀኑ እየመጡ ተማሩ። ጣታቸው ወፍራም ስለሆነ ይሳሳታሉ፣ ይስቃሉ፣ ይደግማሉ። በዓመት ውስጥ የወረዱባቸውን ታፔላዎች አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሷቸው፤ ዳቦ ቤቱ ላይ፣ ፀጉር ቤቱ ላይ፣ ጫማ ሰፊው ላይ። ባነሩ እንዳለ፣ ከፊቱ አየር ላይ። አሁን ከሌላ ሠፈር ሳይቀር ስልኩን ደቅኖ ሊያያቸው የሚመጣ አለ።

«ማንም ሊያወርድብኝ አይችልም ይሉ ነበር» አለች። «ለዚያ ነው መንገድ ላይ የሚስቁት።»

«ታዲያ ማንም ካላወረደው ቀለሙ ምን ያደርገዋል?»

«ስልኩ ቦታውን የሚያውቀው በምልክቱ ነው። ስንጥቁን፣ የዝናቡን መስመር፣ ቀዳዳዎቹን ሲያይ ነው ጽሑፉን የሚያቆመው። ነጭ ከተቀባ ግድግዳውን አያውቀውም፣ ጽሑፉም አይወጣም። እንደገና ልተክለው እንዳልል ደግሞ መክፈቻ ቃሉን ለኔም አልነገሩኝም።»

«ምን ይላል ጽሑፉ?»

ሴትዮዋ ስልኩን ዘረጋችላቸው። «እሱን እርስዎ እንዲያዩት ነው አደራ ያሉኝ።»

እትዬ ስልኩን ተቀበሉ፣ ግን ወደ ግድግዳው አላነሱትም። ሁለት ሳምንት እንቢ ያሉትን ነገር ለቀስተኛ ፊት ለማየት ድፍረቱ አልነበራቸውም። ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ታላቁ ልጅና ቀለም ቀቢው ሲመጡ እትዬ ግድግዳው ሥር ወንበር አድርገው፣ ጀርባቸውን ስንጥቁ ላይ አስደግፈው ተቀምጠዋል። ለቀስተኛው ከወትሮው ቀደም ብሎ መጥቷል፤ የሟች እህትም ፊት ለፊት ቦታ ይዘዋል። ስልክ ጠጋኟ ሱቋን ሳትከፍት መጥታ አጠገባቸው ቆማለች።

«እማዬ፣ ተነሺ በናትሽ።»

«ቀባ በለው። እኔንም አብሮ ይቀባኝ።»

ቀለም ቀቢው ባልዲውን መሬት አስቀምጦ ዞር አለ፤ ሰውየው አስተዋይ ነው።

«ሰው ምን ይላል? ባዶ ግድግዳ ተደግፋ…»

«ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲል ሰማሁት። አባትህ እብድ ነው አለ፣ አባትህ የትም ተንከራትቶ ሞተ አለ። አንተም ዝም ብለህ ሰማህ። ባዶ ነው አልክ? እንካ።» ስልኩን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡት። «አንተ ቀድመህ እይ። ፊደል ያስቆጠረህ እሱ ነው።»

ልጅየው ስልኩን አነሳ። መጀመሪያ ፊቱ ላይ ስልቸታ ነበር። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ጽሑፉ ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል ሲያይ ቆመ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ጀመር፤ እያነበበ ነው፣ እንደ ልጅነቱ ፊደል በፊደል።

«ሰሌዳችን ናት» አለ በመጨረሻ። «እዚህ ታፔላ ይጻፋል።» ስልኩን ጠጋ አደረገ። «ግን አልጨረሳትም። ዳር ዳሩን ብቻ ነው ያወጣው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ጥላውንም ‹ፔ› ላይ ሲደርስ ትቶታል። ሳይጨርሳት ሞተ።»

«ጨርሻለሁ ብለውኛል እኮ» አለች ስልክ ጠጋኟ። «እኔም ውስጡን ልሙላልዎት ብላቸው ተቆጡኝ። ‹እሱ የኔም ያንቺም ሥራ አይደለም፣ ባለቤት አለው› አሉኝ። ሁሉንም ቆልፈው መሙያውን ብቻ ክፍት ተዉት። ቀዩንም ከዝርዝር አልመረጡም፤ አንድ አሮጌ ጣሳ ይዘው መጥተው ውስጡ የደረቀውን ቀለም ፎቶ አስነሱኝ።»

እትዬ ከወንበሩ ተነሱ። ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱና ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግድግዳው አነሱት።

ቆማለች። አራቱ ቀዳዳ ላይ፣ በድሮ ቁመቷ፣ ነፋስ የማይነካት። አሥሩም ፊደሎች ባዶ ሆድ። ጥላው ከ«እ» ተነስቶ፣ እየተጠነቀቀ መጥቶ፣ መሃል «ፔ» ላይ ደርሶ ቆሟል። ሌላው ሰው ያላለቀ ሥራ ነው ያየው። እትዬ ግን ቦታውን ያውቁታል። ሰውየው የራሱን ግማሽ ሠርቶ፣ እዚያው ሁልጊዜ የሚገናኙበት ላይ ቆሞ እየጠበቃቸው ነው።

እንባቸው መጣ። በቀብሩ ዕለት እንኳ እንዲህ አላለቀሱም። «አንተ ሰውዬ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ሥራ ትተህብኝ ሄድክ።»

ልጅየው ጎንበስ ብሎ ባነሩን ከግድግዳው ሥር አነሳና ወደ በሩ ወሰደው። የሟች እህት ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው «እስቲ እኔም ልይ» አሉ ቀስ ብለው።

«ቆይ» አሉ እትዬ። «መጀመሪያ ይሞላ።»

ከስልኩ ጥግ ላይ ያችን ቀያቸውን አገኟት፣ ጥቁር ጠብታዋ ያለባትን። ስልኩን ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ የግራ እጃቸውን እጅጌ ቀለም እንዳይነካው እስከ ክንዳቸው ሰበሰቡና፣ ጣታቸውን የመጨረሻው ፊደል ላይ አሳረፉ።