አዳዳ ድርቤን የማይመስለው ፎቶ

ቀነአ ነቀምቴ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ቤት ከፍቶ ሙሽራና ተመራቂ ሲያነሳ ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን አርቲስት መሆን አማረው። ደግሞ ያማረው በራሱ ጊዜ አይደለም፤ «የገጠር ሕይወት በፈጠራ ፎቶግራፍ» የሚባል ኤግዚቢሽን ሊከፈት ነው ሲባል ሰምቶ ነው። ካሜራውን አንግቦ ኑኑ ቁምባ አጠገብ ወዳለችው የአባቱ መንደር ወረደ።

የአባቱ እህት አዳዳ ድርቤ መምጣቱን ስለሰሙ ከማለዳው ተጣጥበው፣ ለፋሲካ የገዙትን ቀይ ሹራብ ለብሰው፣ ሰዓታቸውን ከእጅጌው በላይ አስረው በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«አዳዳ፣ እንደዚህ አይደለም። እንደ ዘወትርዎ ይሁኑ እንጂ።»

«በዘወትር ልብስ ማን ፎቶ ይነሳል? ጭቃ ተለቅልቄ ልቁምልህ?»

«እሱ እኮ ነው የሚፈለገው!»

ድርቤ የወንድማቸውን ልጅ አንድ ነገር ነክቶታል ብለው ጠረጠሩ። ቢሆንም ሥጋ ነውና እሺ አሉ። ሹራቡ ወለቀ፤ ለወለል መወልወያ የተተወ አሮጌ ቀሚስ ተገኘ። ቢጫው ጀሪካን ከጎተራው ሥር ተደበቀ፤ ሶላሩም ከጣሪያው ወረደ። እንስራ ግን ከየት ይምጣ? መንደሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ወይ ተሰብሯል ወይ ዶሮ ታቅፋበታለች። ቀነአ ነቀምቴ ተመልሶ፣ አንድ ሆቴል ለጌጥ በሩ ላይ ያቆመውን እንስራ ለምኖ፣ በሚኒባስ እንደ ሰው ወንበር አስይዞ አመጣው።

ጎረቤታቸው ኦቦ ጂሩ ደግሞ ጉም እንዲመስል እርጥብ ገለባ እንዲያነዱ ታዘዙ። ጭሱ ድርቤን አስለቀሳቸው።

«እንዳይጠርጉት! እንባውን እንዳይጠርጉት!» እያለ ቀነአ ደጋግሞ አነሳቸው።

ፎቶው ኤግዚቢሽኑ ላይ ዋናውን ቦታ አገኘ። «ዝምተኛዋ እናት» የሚል ስምም ወጣለት። ድርቤን ዝምተኛ ያላቸው ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልተፈጠረም ነበር።

በመክፈቻው ዕለት ድርቤ ቀዩን ሹራባቸውን ለብሰው፣ ጂሩን አስከትለው ነቀምቴ ገቡ። የፊት ወንበር ላይ ሊቀመጡ ሲሉ አስተናጋጁ ተንደርድሮ መጣ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ይሄ ለገጠር እናቶች የተያዘ ነው።»

«ዋቃዮ! እኔስ ምንድን ነኝ?»

ከላይ እስከ ታች አያቸው። «እርስዎማ የከተማ ሰው ነዎት።»

«እዚያ ግድግዳ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ!»

አስተናጋጁ ወደ ፎቶው ዞረ፤ ተመልሶ ወደ እሳቸው ዞረ። «አይመሳሰሉም» አለ።

ቀነአ ይህን ከመድረኩ ሥር ሆኖ ሲሰማ ላብ አጠመቀው። የክብር እንግዳው በበኩላቸው ፎቶው ፊት ቆመው «ይህ እንባ የትውልድ እንባ ነው!» እያሉ ነበር። ቀነአ ድምፅ ማጉያውን ተቀበላቸው።

«ክቡራን፣ እንባው የገለባ ጭስ ነው። ቀሚሱንም ያስለበስኳቸው እኔ ነኝ። እናቲቱ አክስቴ ናቸው፤ ያውላችሁ፣ ወንበር ተከልክለው ቆመዋል።»

አዳራሹ በሳቅ፣ ቀጥሎም በጭብጨባ ተናጋ።

«አያችሁ፣ የአርቲስት ትህትና ማለት ይሄ ነው!» አሉ የክብር እንግዳው።

ድርቤ ከዚህ በላይ አልታገሡም። ወደ ግድግዳው ሄደው ፎቶውን ከሚስማሩ አወረዱና በብብታቸው ሸጉጠው ወደ በሩ አመሩ። አስተናጋጁ «ያዟት!» ሊል አፉን ሲከፍት ቀነአ ቀድሞ በሩን ከፈተላቸው፤ ተከትሏቸውም ወጣ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አዳዳ። ግን ካልወደዱት ምን ሊያደርግልዎ ወሰዱት?»

«ፍሬሙ ጥሩ ነው። ልጄ ኢቢሳ በጥር ሊያገባ አይደል? የሠርጉን ፎቶ እከትበታለሁ።»

ቀነአ ልቡ ትንሽ መለስ አለ። «እሱንማ እኔ ነኝ የማነሳው!»

«አንተ? ሙሽሪትን ልታስለቅስብኝ? በፍጹም!»

ተናደው ፈጠን ፈጠን እያሉ ነበር የሚራመዱት። ቢሆንም ፍሬሙ ከብዷቸው ኖሮ እጁን ሲዘረጋ ሰጡት፤ ኦቦ ጂሩ ከኋላ እየሳቁ፣ እስከ መናኸሪያ ተሸከመላቸው።